ለኮሌጁ ሽማግሌ የላክን ጊዜ

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ላይ እኔ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ዓመቱን የያዝኩት በሌላ ነገር አይደለም፤ ለሚሌኒየሙ ያሳተምነው ካናቴራ ገና ቀለሙ ሳይለቅ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን ብትጠይቁኝ እቀላቅላለሁ። ይኼንን የምጽፈውም የማኅበራችንን መጽሔት የሚያዘጋጁት ልጆች «ጋሼ ሽፈራው፣ ስለ ድሮው ቡድን የሚያውቁትን ይጻፉልን» እያሉ ስለጨቀጨቁኝ ነው። እኔ የጽሕፈት ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ነው። ሃሌታውን ከሐመሩ ብቀላቅል ልጆቹ ያርሙት። ነገሩን ግን እንዳይነኩብኝ።

ባለፈው እሁድ ለጉልበቴ ቅባት ልገዛ፣ እዚህ በሰው አገር ሜድስቶን ከሚባለው ሠፈር አጠገብ ያለው ትልቁ የገበያ አዳራሽ ገብቼ ናትናኤልን አገኘሁት። ናቲ ነው የምንለው። ያን ጊዜ የኮሌጁ እግር ኳስ ቡድን አምበል ነበር፤ ሸንበቆ የመሰለ፣ ሲሮጥ ካልሲው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚወድቅበት። ዛሬ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚመጣው። ጋሪ እየገፋ፣ ሁለት ልጅ ከኋላው እየጎተተ መጣና ጉልበቴን ሊስም ምንም አልቀረው። «ጋሼ፣ ሰሙ? ቡድኑ ወደ ድሮው ሊግ ሊመለስ ነው!» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ወጣቶቹ በስልክ ተሰብስበው ይነታረካሉ። አንዱ «መመለስ ማለት መውረድ ነው» ይላል፣ አንዱ «ቤታችን ነው» ይላል፣ ሌላው ምንም ሳይጽፍ የሚያለቅስ ፊት ብቻ ደርድሯል። «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ። «እኔ ምንም አልልም፤ አንዴ ብዬ በቅቶኛል» አልኩት። «ሽማግሌ ይላኩ እንጂ!» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ትልቁ ልጁ በእንግሊዝኛ ማን እንደሆንኩ ጠየቀው። «ኮሌጅ ሄደው ቆመው የመጡት እኚህ ናቸው» ብሎ በአማርኛ መለሰለት። ልጁ የገባው አልመሰለኝም። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት ደግሞ «ታዲያ ያ ቴርሞስ የት ገባ?» አለችኝ። ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ዕቃ ታወርድ ጀመር።

ያን ጊዜ የትሬን ቲኬት ወረቀት ነበር። ማሽኑ አፍ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ይነክስልህና መልሶ ይተፋዋል። አሁን ካርድ ነው፣ ጢው ይልና ያልፋል፣ ስንት እንደወሰደብህም አታይ። ወደ አገር ቤት የምንደውለው በሳንቲም እየፋቅን በምናወጣው ቁጥር ነበር፤ የአምስት ዶላሩ ካርድ ሰላምታ አልቆ ወሬ ሊጀመር ሲል ነው የሚያልቀው። ሐበሻ ወንድ የተባለ ሁሉ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረው። ተማሪዎቹ መሬት የሚጠርግ ጂንስ ይለብሱ ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ሱሪው ከታች ወደ ላይ እስከ ጉልበት ይርሳል። እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ በሽልንግ ስገባ የለበስኩት ቦላሌም እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ ስለዚህ አልስቅባቸውም። እኔ አስኮት ቬል የመንግሥት ፍላት ውስጥ ነበርኩ፤ እስካሁንም እዚያው ነኝ፣ ፎቁን ብቻ ነው የቀየርኩት። ሥራዬ ዌሪቢ ነበር፣ አበባ ጎመን እየለየን በካርቶን የምናሽግበት መጋዘን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጎመን ነው። እሁድ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ ኳስ።

ሜዳው ሜድስቶን ነበር። ዛሬ ብታዩት አታውቁትም፤ ሣሩ የፕላስቲክ ሆኗል፣ ዙሪያው ታጥሯል፣ የእኛ ጥግ ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ ተቆርጦ የቆሻሻ ገንዳ ቆሞበታል። ያን ጊዜ ጭቃ ነው። ኮሌጁ እጅ ሥራም ነርስነትም የሚያስተምር ኮሌጅ ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ግማሹ የእኛ ልጆች ነበሩ፣ ግማሹ ከየአገሩ የመጣ ነው። ማሊያቸው ብርቱካናማ ነበር፣ ከሩቅ የመንገድ ሠራተኛ ይመስላሉ። የሚጫወቱት በምዕራብ ሠፈሮች ሊግ ነው፤ ከዳቦ ቤት ቡድን ጋር፣ ከፋብሪካ ቡድን ጋር፣ ከሁሉም በላይ ግን ከወደብ ሠራተኞቹ ቡድን ጋር። እነሱን «ወደቦቹ» ነበር የምንላቸው። ሐጂ ሙሜ የሚባሉ የጅማ ሰው ነበሩ፤ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳሉ፣ አማርኛውን በኦሮምኛ ዜማ ነው የሚናገሩት። የወደቦቹን በረኛ ዓመት ከዓመት ከጎሉ ጀርባ ቆመው ሲጮኹበት ነው የኖሩት። በረኛው መላጣ፣ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብሎ አያያቸውም። አንዱ ተማሪ ደግሞ የመኪናውን በር ከፍቶ ሙዚቃ ይለቅልናል። ሲዲው የተጫረ ስለነበር ትዝታው መሐል ላይ ሲደርስ ይንተባተባል፣ ከዚያ ይዘላል። ዛሬ ያንን ዘፈን ደህናውን ስሰማ የተበላሸ ነው የሚመስለኝ።

እትዬ አሰለፈች እዚያው ጥግ ነበሩ የሚቆሙት። ሜድስቶን፣ ከሜዳው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ካገባች ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የልጃቸው ባል ፈረንጅ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ፈረንጅ ነው። የሱፍ ባርኔጣ ያደርጉና፣ በላዩ ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ በቀይ ቴርሞስ ይዘው ይመጣሉ። ባለቤቴ ይኼን ስጽፍ ከትከሻዬ ላይ አይታ «ቴርሞሱ አረንጓዴ ነበር» ትላለች። ቀይ ነበር። ሻዩን ለሌላው በወረቀት ኩባያ ይሰጣሉ፣ ለእኔ በዕድሜ ትልቁ ነዎት ብለው በቴርሞሱ ክዳን። ጎረቤቴ በላይ በዕድሜ ከእኔ እንደሚበልጥ ያውቃሉ፤ በላይም ያውቃል፣ ግን በወረቀት ኩባያው ይጠጣል። አንድ እሁድ «ጋሼ ሽፈራው፣ ይኼ ኦፍሳይድ የሚሉት ምንድን ነው?» አሉኝ። በክዳኑና በሁለት የለውዝ ፍሬ አስረዳኋቸው። በሳምንቱ ረሳሁት ብለው ጠየቁኝ፤ አስረዳሁ። በሳምንቱም እንዲሁ። አንድ ክረምት ሙሉ ኦፍሳይድ ሳስረዳ ከረምኩ። አንድ ቀን ዳኛው ሳያይ ሲቀር «ኦፍሳይድ! ሁለት እርምጃ ቀድሟል፣ ዓይንህ የት ነው!» ብለው ሲጮኹ ነው ከመጀመሪያውም ያውቁ እንደነበር የገባኝ። በሳምንቱም ሲጠይቁኝ አስረዳሁ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ባለቤቴ አገር ቤት ካረፈች ቆይቷል። የእሳቸውም ባል እንደዚያው። አንድ ሚስት የሞተችበት ሰው፣ አንዲት ባል የሞተባት ሴት ልጇ ጋር የምትኖርበትን ቤት በምን ምክንያት ያንኳኳል? ጨው አለቀብኝ ብሎ ከአስኮት ቬል ሜድስቶን ድረስ? ቤተ ክርስቲያን እንዳንል እሳቸው በሴቶቹ በር፣ እኔ በወንዶቹ በር። ከዚያ ሲወጡ ከሴቶች ጋር ነው የሚሄዱት። ወንድና ሴት በአንድ ጥግ ቆመን፣ ማንም ማንንም ሳያማ፣ ሁለት ሰዓት የምናወራበት ቦታ ያ ጭቃ ብቻ ነበር። ሌላ የለኝም።

ወሬውን ያመጣው ናቲ ነው። ከጨዋታ በኋላ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ጥጋችን ድረስ መጥቶ፣ ኮሌጁ ከምዕራቡ ሊግ ወጥቶ የሚመጣው ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊግ ሊገባ ነው አለን። ሜዳዎቹ ከከተማው ማዶ ናቸው፣ በሁለት ትሬን። ጨዋታው ቅዳሜ ነው። እኔ «ቅዳሜ» ሲል የሰማሁ ጊዜ እትዬ አሰለፈችን ነው ያየሁት። የቴርሞሱን ክዳን ይዘው ቆመው ነበር። ልጃቸው ሆስፒታል ነው የምትሠራው፣ የቅዳሜ ሺፍት አላት፤ ቅዳሜ የልጅ ልጆቻቸውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። የእኔስ ጎመን ይቅር፣ ሺፍት ይለወጣል፤ የልጅ ልጅ አይለወጥም። ቡድኑ ከሄደ እትዬ አሰለፈች አይሄዱም፣ ጥጉም የለም ማለት ነው።

በተከታዩ እሁድ ከልብስ መቀየሪያው ቆርቆሮ ሥር ስብሰባ ተባለ። ዝናብ ነበር። በላይ ታክሲ ነጂ ነው፣ ከእኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ይኖራል፤ ረጅም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ስብሰባ ሲያይ ካልመራሁ የሚል ሰው። «አንድ በአንድ! እጅ እያወጣችሁ!» ይላል፣ እሱ ራሱ ግን እጅ ሳያወጣ ይናገራል።

ናቲ ጀመረ። «ጋሼዎቼ፣ እዚያ ሙቅ ውሃ አለው መታጠቢያው።»

«ለመታጠብ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለው በላይ። «ቤታችሁ ውሃ የለም?»

«ዳኛ በሰዓቱ ይመጣል። መረቡ አይቀደድም። ደግሞ ሰው ያየናል።»

«እኛስ ምንድን ነን?» አሉ እትዬ አሰለፈች። «ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ የቆምነው ጥድ ነን?»

ሰው ሳቀ። ናቲም ሳቀ፣ ግን ተወጋ። «እትዬ፣ እሱን አይደለም ያልኩት። ከፍ ያለ ቦታ መጫወት እንፈልጋለን ነው። አራት ዓመት ተምረን እንወጣለን፣ አንዴ እንኳ እንሞክረው።» ልጁ ውሸት አልተናገረም፤ ይኼንን ያኔም አውቄዋለሁ።

ሐጂ ሙሜ እጃቸውን አወጡ። «እኔ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ወደቦቹ አብረው ይመጣሉ?»

«አይመጡም ሐጂ። እነሱ እዚሁ ናቸው።»

«ታዲያ እኔ እዚያ ሄጄ ማን ላይ ልጩህ? የማላውቀው ሰው ላይ?»

ይኼ ከሁሉም የበለጠ ንግግር ነበር። ሁሉም ተንጫጫ። አንዱ ወደቦቹን ገና አንድ ዓመት እንኳ በደንብ ሳናሸንፍ ፈርተው ሸሹ ሊባል ነው አለ። አንዲት ተማሪ ተነስታ ትልቅ ሊግ ከገባን ኮሌጁ ስም ያገኛል፣ ስም ካገኘ ዲግሪያችን ይከበራል አለች። በላይ «ዲግሪ በቅጣት ምት ነው እንዴ የሚሰጠው?» አላት። እኔም ተናገርኩ። ስለ ርቀቱ ተናገርኩ፣ ስለ ሁለት ትሬን ተናገርኩ፣ ቡድን ማለት ሠፈሩ ነው፣ ሠፈሩን ጥሎ የሄደ ቡድን ማሊያ ብቻ ነው አልኩ። ጥሩ ተናገርክ አሉኝ። ስለ ቴርሞሱ ክዳን አልተናገርኩም። ከዚያ ድምፅ ሰጠን። የጠየቀን ያለ ይመስል፣ ለእኛ የተተወ ይመስል፣ እጅ አውጥተን ቆጠርን። አይሄድም ያልነው በለጥን። በላይ «ተወስኗል» አለ። ከዚያ ግን የወሰንነውን ለማን እንደምንነግር እንደማናውቅ ገባን።

«ሽማግሌ ይላክ» አሉ እትዬ አሰለፈች።

እንዲህ ነው የተጀመረው። በላይ፣ ሐጂ ሙሜና እኔ ተመረጥን። እንግሊዝኛውን ናቲ ይነግርልናል ተባለ። «እኔ እኮ መሄዱን የምደግፍ ነኝ» ቢል ማን ሰምቶት፤ «አስተርጓሚ ሐሳብ የለውም» አለው በላይ። የስፖርት ኃላፊዋን ናቲ ቡክ አድርጎልን በቀጠሮው ሄድን። በላይ ጋቢ፣ እኔ ነጠላ፣ ሐጂ ያን ነጭ ጀለቢያቸውንና ኮፊያቸውን። መግቢያው ላይ የተቀመጠችው ልጅ ለባህል ዝግጅት የመጣን መስሏት ከበሮአችንን የት እንዳስቀመጥን ጠየቀችን። ናቲ አፍሮ መሬት መሬት ያያል።

ኃላፊዋ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። አንድ ጉልበቷ ላይ ብረት ያለው ማሰሪያ አስራለች፤ ጉልበቷን ኦፕሬሽን ተደርጋ ነበር አለን ናቲ። ወንበር አሳየችን። ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም። በላይ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ፣ እኛም ጎኑ ቆምን። ሴትዮዋ «ተቀመጡ» አለች። «መቀመጡ ይደርሳል» አለ በላይ። ሻይ አለች። «እህል ውሃ የምንቀምሰው ጉዳያችን ሲሰማ ነው» አለ። እሷም እኛ ቆመን መቀመጥ ነውር መሰላት መሰለኝ፣ ጠረጴዛዋን ይዛ ተነሳች። በዚያ ጉልበቷ እስከ መጨረሻው ቆማ ነው የሰማችን። በላይ ከሩቅ ጀመረ። ጤናዋን፣ ቤተሰቧን፣ ኮሌጁን አመሰገነ። ቡድኑን እንደ ልጅ እንደምናየው፣ ልጅ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ቤተ ዘመድ እንደሚጠየቅ ነገራት። ሐጂ መረቁ። እኔ «ቅዳሜ የማይመቻቸው ሰዎች አሉ» ብቻ አልኩ። ናቲ ሁሉንም ሳይቀንስ ተናገረ፤ ይኼንን እመሰክርለታለሁ።

ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሟት እንደማያውቅ፣ በጣም እንደነካት ተናገረች። ያላችሁትን አስብበታለሁ፣ በፈለጋችሁ ጊዜ ተመልሳችሁ ኑ አለች። እኛም እጅ ነስተን ወጣን።

ኮሪደሩ ላይ በላይ እጄን ጨብጦ «በቃ! አለቀ!» አለኝ።

«ምኑ ነው ያለቀው?» አለ ናቲ። «እምቢ ማለቷ እኮ ነው።»

«አንተ ልጅ፣ አግብተህ ታውቃለህ? ሽማግሌ ልከህ ታውቃለህ? የማይፈልግ ቤተሰብ በሩ ላይ ይመልስሃል። እናስብበት፣ ተመልሳችሁ ኑ ካለ ልጅቷን ሰጥቷል፤ ወጉ ነው። ሌላ ምን ትበል? እልል ትበል?»

«ጋሼ፣ ለሁሉም ሰው ነው እንዲህ የምትለው። መኪና ማቆሚያ ይጨመር ብለን ስንጠይቃትም ይኼንኑ ነው ያለችው።»

«መኪና ማቆሚያው ተጨመረ?»

«አልተጨመረም።»

«ሽማግሌ ስላልላካችሁ ነው» አሉት ሐጂ።

እሁድ ጥጋችን ላይ ነገሩ ተሳክቷል ብለን አወጅን። እትዬ አሰለፈች እልል አሉ። የወደቦቹ በረኛ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር ብሎ አየን። የዚያን ቀን ሻዩን ሲቀዱልኝ «ጎበዝ ናችሁ እናንተ» አሉኝ። እኔም እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የተሳካ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ናቲ ያለውን ያልሰማ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። ግን በሕይወታችን ተመልሳችሁ ኑ የተባልንበት ቤት ሁሉ በመጨረሻ ሰጥቶን ነበር። ከዚያ ውጭ ያለውን ከየት እናውቀዋለን?

እንደ ወጉ ጥቂት ሳምንት ቆይተን ለመልሱ ሄድን። ባዶ እጅ አይኬድም ብለው እትዬ አሰለፈች በልጃቸው ኦቨን ድፎ ዳቦ ጋገሩልን፤ ጥቁር አዝሙዱ ከሩቅ ይሸት ነበር። ቢሮው ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ተከምሯል። ከካርቶኑ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ማሊያ ይታያል። የአዲሱ ሊግ ምልክት ደረቱ ላይ ተሰፍቶበታል። በላይ አይቶታል፣ ግን እንዳላየ ሆኖ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ። ሴትዮዋ ዳቦውን ስታይ ጮኸች። በወረቀት መቁረጫ ቢላዋ ቆርሳ እዚያው ቀመሰች፣ ቀጥላም በላች። በላይ ለመልሱ መምጣታችንን ሲያስነግራት ፊቷ ተለወጠ። ብዙ ተናገረች። ናቲ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ፣ «መጀመሪያ ስትመጡም ተፈርሞ ነበር ትላለች» አለን።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገረችንም?»

ጠየቃት። መልሷን አልረሳውም። «ሦስት ትልልቅ ሰዎች ቆመው ሲያዩኝ እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ተቀምጣችሁ ቢሆን እናገር ነበር» አለች።

ማንም አልተቆጣም። ምን ትቆጣለህ? ሐጂ «እሷም ልክ ናት» አሉ። ስንወጣ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አዲስ ማሊያ ሰጠችን፣ እምቢ ማለት ለእኛም አቃተን። ሦስት ሽማግሌ፣ ሊያስቀሩት የሄዱትን ሊግ ማሊያ በልብሳቸው ሥር ይዘው በትሬን ተመለሱ። የእኔ ማሊያ ለብዙ ዓመት ጫማ መጥረጊያ ሆኖኝ አሁንም ከበረንዳው ላይ አለ። ጥሩ ጨርቅ ነው።

የመጨረሻው ጨዋታ ከወደቦቹ ጋር ነበር። ሁለት ለሁለት ወጡ። ከዓመታት ጨዋታ ያን ያህል የማስታውሰው የለኝም፣ የመጀመሪያዋን ጎል ናቲ ነው ያገባት፣ ካልሲው እንደ ልማዱ ወድቆ። ፊሽካው ሲነፋ ሐጂ ሙሜ ቀጥ ብለው ወደ ጎሉ ሄዱ። መላጣው በረኛ ጓንቱን አውልቆ ጨበጣቸው። ምን እንዳለ ናቲ ነው የነገረን። «ከእንግዲህ ማን ሊጮህብኝ ነው?» ነው ያለው። ሐጂ ዓይናቸውን በኮፊያቸው ጠረጉ፣ ንፋስ ነው አሉ። ያ ልጅ ሲዲውን ለመጨረሻ ጊዜ ለቀቀው፤ ዘፈኑ የሚንተባተብበት ቦታ ሲደርስ ሁላችንም አብረን ተንተባተብን።

ሰው መበተን ጀመረ። እትዬ አሰለፈች የቀረውን ሻይ ባሕር ዛፉ ሥር ደፉና ክዳኑን ማጥበቅ ጀመሩ። ከጠበቀም በኋላ ያጠብቁታል።

«እንግዲህ ጋሼ ሽፈራው፣ ደህና ይክረሙ» አሉኝ።

«አንቱም ደህና ይክረሙ» አልኩ። ኦፍሳይድን በለውዝ የሚያስረዳ አፍ እዚያ ላይ ተያዘ።

ሁለት እርምጃ ሄደው ዞሩ። «ሦስት ሆናችሁ ሄዳችሁ፣ ቆማችሁ ቆማችሁ፣ አንድ ሊግ ማስቀረት ያቅታችሁ?»

«አቃተን።»

«የሄዳችሁበት ቤት ነዋ ስሕተቱ» አሉ። «ወጉን የማያውቅ ቤት ሄዳችሁ። የሚያውቅ ቤት ቢሆን ኖሮ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ ባዶውን አይመለስም ነበር።» ይኼን ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቴርሞሱን በብብታቸው ይዘው በሜዳው ዳር ሄዱ። ዞር አላሉም። እኔም ባሕር ዛፉ ሥር ቆሜ ቀረሁ፤ በላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጥሩንባ እስኪነፋብኝ።

ቡድኑ እዚያ ሄዶ ምን እንደሆነ አላውቅም። መጀመሪያ ተሸነፉ ሲሉ ሰማሁ፣ በኋላ አሸነፉ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ቀን ሄጄ አላየሁም። እልኸኛ ነህ ይሉኛል። ይበሉኝ። አሁን ይመለሳሉ መባሉም እንደዚያው ነው፤ ቢመለሱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሄጄ አያለሁ፣ ባይመለሱ እቤቴ ነኝ። ወጣቶቹ በስልክ ይነታረኩ፣ ደስ ይላል። ቆርቆሮ ሥር ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

የዚያ ጨዋታ ማግስት ሰኞ ነበር። ሽማግሌ የሚላከው በሰንበት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ሌላ ሰንበት እስኪመጣ ማን ይጠብቃል። ዌሪቢ ለፎርማኑ ደውዬ ዛሬ አልመጣም፣ አሞኛል፣ ሲክ ነኝ አልኩት። ጎመን ከጀመርኩ ሲክ ብዬ አላውቅም፤ ሰውየው ደንግጦ ሐኪም ልላክልህ ወይ አለኝ። ከዚያ አንድ ፎቅ ወጥቼ የበላይን በር አንኳኳሁ። በፒጃማ ነው የከፈተልኝ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ጋቢህን ልበስ። ሐጂን ጥራቸው።»

«ኮሌጁ ድጋሚ? ኧረ ተው ሽፈራው፣ አለቀ እኮ።»

«ኮሌጁማ ሄደ። ሜድስቶን ነው።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲበራ አየሁት። «አሰለፈች!» አለ። ከዚያ ደግሞ ግራ ገባው። «አባትየው የሉ፣ ማንን ነው የምንጠይቀው?»

«ልጃቸውን።»

«እናትን ከልጅ?» ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «ባልየው ደግሞ ፈረንጅ ነው። ምን እንለዋለን?»

«ናቲ ይነግርላችኋል። እኔ መሄድ አልችልም፣ ሦስተኛው እሱ ይሁን።»

ሊለብስ ወደ ውስጥ ገባ። ጋቢውን ለብሶ ሲወጣ ክንዱን ያዝኩት። «በላይ» አልኩት፣ «ተቀመጡ ሲሉህ ቶሎ እንዳትቀመጥ።»